በዕጣ የተለየው ወንበር፦ የቨርጂንያ 94ኛ የምርጫ ክልል

ቨርጂንያ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን ብንል ዘመድ ባይኖረን እንኳ የሰፈር ልጅ አናጣም። ዜግነት ወስዶ የሚመርጠውም ቀላል አይደለም። ሆኖም «ዴሊጌትህ (በግዛቲቱ ምክር ቤት የሚወክልህ ሰው) ማን ነው?» ቢባል ቶሎ የሚመልስ አይበዛም። ፕሬዚዳንቱን ሁሉም ያውቃል። ገዥውንም ያውቃል። በግዛቲቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ተቀምጦ በጤና መድን፣ በትምህርት ቤት በጀትና በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ላይ ድምፅ የሚሰጠውን ሰው ግን ብዙዎቻችን ስሙን አንይዝም።

ዛሬ የማወራው ከነዚህ ወንበሮች ስለ አንዱ ነው። ከሰሜን ቨርጂንያ ራቅ ይላል፤ በደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ በኩል ባለችው በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የነበረው 94ኛው የምርጫ ክልል ነው። በ2017 ሁለት እጩዎች እኩል ድምፅ አገኙና አሸናፊው በዕጣ ተለየ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው።) ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሳው «አንድ ድምፅ ለውጥ ያመጣል» ለማለት ነው። እውነት ነው፣ ያመጣል። እኔ ግን የወንበሩን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስከታተለው ከድምፁ ይልቅ መስመሩ ነው ዓይኔን የሚስበው። ማን የትኛው ክልል ውስጥ ገባ? መስመሩንስ ማን አሰመረው?

ከምክር ቤቱ እንጀምር። የቨርጂንያ ሕግ አውጪ ሁለት ቤት ነው። ሴኔቱ 40 ወንበር አለው። ታችኛው፣ የተወካዮች ቤት የምንለው፣ 100 ወንበር አለው፤ አባሎቹ ዴሊጌት ይባላሉ። የአንድ ዴሊጌት ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ምርጫው የሚደረገው በጎዶሎ ዓመት ነው፦ 2015፣ 2017፣ 2019 እያለ ይሄዳል። ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ደግሞ በሙሉ ዓመት ነው። ስለዚህ ለፕሬዚዳንት ተሰልፎ የመረጠ ሰው በዓመቱ ሌላ ምርጫ እንዳለ ጭራሽ ላያስታውስ ይችላል። መራጩ ሲቀንስ ደግሞ ልዩነቱም ይጠባል። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ይልካል፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያልፋል። ሃምሳ በመቶ ማለፍ አይጠበቅበትም።

እንዲህ አንድ ክልል አንድ ሰው የሚልክበት አሠራር ሙሉ በሙሉ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ትልልቅ ክልሎች ብዙ ሰው በአንድ ላይ ይልኩ ነበር።

ኒውፖርት ኒውስ በጄምስ ወንዝ ዳር ቀጭን ሆና የተዘረጋች ከተማ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኒውክሌር የሚንቀሳቀሱ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩት እዚያው ነው። የመርከብ ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ጡረተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ነጭም ጥቁርም ተቀላቅሎ ይኖርባታል። እንዲህ ያለች ከተማ ላይ የክልል መስመር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት መንደሮች ከተገፋ ውጤቱ ይገለበጣል።

ወንበሩን ለረጅም ጊዜ የያዙት አለን ዳይመንስታይን የተባሉ ዴሞክራት ነበሩ። ምክር ቤት የገቡት በ1968 ሲሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። በ2001 ለምክትል ገዥነት ለመወዳደር በፓርቲያቸው ውስጥ ሞክረው በቲም ኬይን ተሸነፉ። ኬይን ማለት በኋላ ገዥ፣ ከዚያም ሴናተር፣ በ2016 ደግሞ የሂላሪ ክሊንተን ምክትል እጩ የሆነው ነው። ዳይመንስታይን ሲለቁ ወንበሩ ወደ ሪፐብሊካኑ ግሌን ኦደር ሄደ። ልብ በሉ፣ 2001 አዲስ ካርታ የተሠራበት ዓመት ነው። ሪፐብሊካኖች በ1999 ምክር ቤቱን ይዘው ስለነበር ካርታውን ያሰመሩት እነሱ ናቸው። ኦደር በ2011 ወንበሩን ለቅቀው ፎርት መንሮ የተባለውን ታሪካዊ የጦር ምሽግ ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዱ። በዚያው ዓመት ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ተመረጡ።

ያንሲን በ2015 የተገዳደሯቸው ሼሊ ሳይመንድስ ነበሩ፤ ዴሞክራትና የከተማው የትምህርት ቦርድ አባል። ያንሲ ያለ ብዙ ጭንቀት አሸነፉ። በ2017 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። የሊበርታሪያን ፓርቲም ሦስተኛ እጩ አቅርቦ ነበር። ይህኛው ጊዜ ግን የተለየ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ከተመረጡ ገና ዓመት መሙላቱ ነው፤ የተቆጣው መራጭ በብዛት ወጣ። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖች በምክር ቤቱ 66 ለ34 ይመሩ ነበር። ኖቬምበር 7 ሲመሽ ዴሞክራቶች 15 ወንበር ነጥቀዋል። የቀሩት ጥቂት ክልሎች ላይ ልዩነቱ የጸጉር ያህል ነበር፤ ከነሱም አንዱ 94ኛው ነው።

መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። በቨርጂንያ ሕግ ድጋሚ ቆጠራ በራሱ አይጀመርም። ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ካልበለጠ ተሸናፊው መጠየቅ ይችላል፤ ግማሽ በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ወጪው የመንግሥት ነው። ቆጠራውን የሚመራው ሦስት ዳኞች ያሉት ፍርድ ቤት ነው። ሳይመንድስ ጠየቁ። ዲሴምበር 19 እንደገና ተቆጠረ። 11,608 ለ11,607 ሆነ። ሳይመንድስ በአንዲት ድምፅ አሸነፉ። በዚያ ምሽት ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ምክር ቤቱም 50 ለ50 ሆነ ተባለ።

ደስታው ግን አንድ ሌሊት ነው የቆየው። በማግስቱ ዳኞቹ ውጤቱን ሊያጸድቁ ሲቀመጡ የሪፐብሊካን ጠበቆች አንድ የድምፅ ወረቀት ይታይልን አሉ። ቆጣሪዎቹ ወደ ጎን ያደረጉት ወረቀት ነው። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ወረቀቱ ላይ ከየእጩው ስም አጠገብ የሚጠቆር ክብ ነገር አለ። መራጩ፣ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ የሳይመንድስንም የያንሲንም አጥቁሮታል። ሁለት ከጠቆረ በተለመደው አሠራር ድምፁ ለማንም አይቆጠርም። ግን በሳይመንድስ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ተጨምሮበታል። ለመሰረዝ ነው? ወይስ እጁ ስቶ ነው? ጠበቆቹ «ተመልከቱ፣ በሌሎቹ ውድድሮች የመረጠው ሪፐብሊካን ነው፤ ይኼም ለያንሲ ነው» አሉ። የሳይመንድስ ወገን ደግሞ «ለገዥነት ውድድሩ የሪፐብሊካኑን ጊለስፒን አጥቁሮ እዚያም ላይ ምልክት ጨምሯል፤ እዚያ የጨመረው ለመሰረዝ ካልሆነ እዚህ የጨመረው ለመሰረዝ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» የሚል ክርክር አቀረበ። እኔ ብሆን በዚህች ወረቀት ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። ዳኞቹ ግን የመራጩ ሐሳብ ያንሲ ነው ብለው ቆጠሩት። 11,608 ለ11,608።

እኩል ሲወጣ ምን ይደረጋል? አንዳንድ ቦታ ምርጫው ይደገማል። የቨርጂንያ ሕግ ዕጣ ይጣል ይላል። መጀመሪያ የተያዘው ቀን ዲሴምበር 27 ነበር፤ ሳይመንድስ ዳኞቹ ውሳኔያቸውን እንደገና እንዲያዩ ስለጠየቁ ተራዘመ። ዳኞቹ አልተቀበሉም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ ሪችመንድ ላይ ተሰበሰበ።

እዚህ ጋ እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሁለቱ ስም በወረቀት ታተመ። ወረቀቶቹ የድሮ የካሜራ ፊልም በሚቀመጥባቸው ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮዎች ውስጥ ገቡ። ቆርቆሮዎቹ ከቨርጂንያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ ሰማያዊ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደረጉና ተደባለቁ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን አንዱን አወጡ። ያንሲ። ሳይመንድስ ከነቤተሰባቸው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። አሸናፊው ራሳቸው አልነበሩም።

በሕጉ መሠረት በዕጣ የተሸነፈ ሰው ሌላ ድጋሚ ቆጠራ የመጠየቅ መብት አለው። ሳይመንድስ ለጥቂት ቀን ካሰቡበት በኋላ ጃንዋሪ 10፣ ምክር ቤቱ በሚከፈትበት ቀን፣ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው አፈ ጉባኤነቱን ኪርክ ኮክስ ያዙት። ወንበሩ ወደ ሌላኛው ወገን ወድቆ ቢሆን 50 ለ50 ይሆንና ሁለቱ ፓርቲዎች የኮሚቴውንም የአፈ ጉባኤውንም ነገር ተደራድረው መካፈል ነበረባቸው።

ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዕጣው ለሪፐብሊካኖች ቢወጣም በምክር ቤቱ ውስጥ የነበረው ነገር እንደ ድሮው አልቀጠለም። 66 የነበረው 51 ሲሆን የቀሩት ደነገጡ። ለዓመታት እምቢ ሲሉት የኖሩት የሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) መስፋፋት በ2018 አለፈ። ወደ 20 የሚጠጉ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጡ። ገዥው ራልፍ ኖርዛም በጁን ፈረሙበት፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ወደ 400,000 የሚጠጋ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የጤና መድን የማግኘት መብት አገኘ። ቨርጂንያ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወይም በሰዓት የሚሠራ ወገን ካለን፣ ይህ ውሳኔ ወደ ቤቱ ገብቷል።

ያንሲም ቢሆኑ በጥንቃቄ ይራመዱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2019 የሴቶችን እኩልነት የሚመለከተው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለመላው ምክር ቤት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚል ድምፅ ተሰጠ። ከሪፐብሊካኖቹ አንድ ሰው ብቻ ከዴሞክራቶቹ ጋር ቆመ። ያንሲ ነበሩ። ውጤቱ 50 ለ50 ሆነና ወደቀ። እኩል ድምፅ ይቺን ወንበር ልልቀቅሽ ያላት አይመስልም።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ።

በሜይ 2018 ዋሽንግተን ፖስት አንድ ዜና አወጣ። በ94ኛው ክልል የሚኖሩ 26 ሰዎች በ2017 በአጎራባች ክልል ውድድር ውስጥ ነበር የመረጡት። የከተማው የምርጫ መዝገብ ሲሠራ ቤታቸው ከየትኛው መስመር ወዲህ እንደሆነ በስህተት ገብቷል። ሄደዋል፣ ተሰልፈዋል፣ መርጠዋል፤ ግን የተሰጣቸው ወረቀት ላይ ያንሲም ሳይመንድስም የሉበትም። የምርጫ ጣቢያው ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበትና ዴሞክራት የሚበዛበት ነው። ድምፅ ምስጢር ስለሆነ 26ቱ ማንን ይመርጡ እንደነበር መናገር አይቻልም። እኩል በወጣ ውድድር ግን 26 ሰው ብዙ ነው። አገሩ ሁሉ በአንዲት ሰያፍ መስመር ላይ ሲከራከር ሃያ ስድስት ድምፅ ሌላ ክልል ውስጥ ተቀምጧል።

በነገራችን ላይ ይህ የአንድ ከተማ ችግር ብቻ አልነበረም። በዚያው ምርጫ በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ባለው 28ኛ ክልል 147 ሰዎች የማይመለከታቸው የድምፅ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ሪፐብሊካኑ እዚያ ያሸነፉት በ73 ድምፅ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ውጤቱ አልተቀየረም።

ሰው ለምን በስህተት ክልል ይገባል? መስመሮቹ ጠመዝማዛ ስለሆኑ ነው። ለምን ተጠማዘዙ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

በአሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ሲያልቅ የክልል ካርታ እንደገና ይሠራል። ቨርጂንያ ውስጥ በ2011 ካርታውን የሠሩት ራሳቸው የምክር ቤት አባሎቹ ናቸው። ማለትም ተወዳዳሪው የራሱን መራጭ ይመርጣል። የታችኛውን ቤት የያዙት ሪፐብሊካኖች የታችኛውን ካርታ አሰመሩ። ዴሞክራቶቹም ጻድቃን አልነበሩም፤ ሴኔቱ በእጃቸው ስለነበር የሴኔቱን ካርታ እነሱ ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ሠሩት።

በታችኛው ቤት ካርታ ላይ 12 ክልሎች እያንዳንዳቸው ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰው ነዋሪ ቢያንስ 55 በመቶው ጥቁር እንዲሆን ተደርጎ ተሠሩ። ሠሪዎቹ «የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ለማስከበር ነው» አሉ። ከሳሾቹ ደግሞ «ማጨቅ ነው» አሉ። ማጨቅ ማለት እንዲህ ነው፦ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ ሰዎችን ሰብስቦ አንድ ክልል ውስጥ ማጎር። እዚያ በ80 በመቶ ያሸንፋሉ፤ በአጎራባቹ ክልል ግን የነሱ ድምፅ ይሳሳል። ሃምሳ አንድ በቂ ሆኖ ሳለ ሰማንያ ማግኘት ትርፉ ብክነት ነው። ከነዚህ 12 ክልሎች አንዱ 95ኛው ነበር። ከሃምፕተን ተነስቶ እየተጠማዘዘ ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ይገባል። አጠገቡ ያለው 94ኛው ነው። 95ኛው የወሰዳቸው ሰዎች 94ኛው ውስጥ የጎደሉ ሰዎች ናቸው።

በ2017 በመላው ግዛት ለዴሞክራት እጩዎች የተሰጠው ጠቅላላ ድምፅ ከሪፐብሊካኖቹ በ9 መቶኛ ነጥብ ገደማ ይበልጥ ነበር። ተቀናቃኝ ያልነበረባቸው ክልሎች ስላሉ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ቢሆንም እንዲህ እየመሩ 49 ወንበር ይዞ መቅረት በዕጣ መጥፎነት ብቻ አይሆንም።

ክሱ ዓመታት ፈጀ። በጁን 2018 የፌደራል ፍርድ ቤት ከ12ቱ 11ዱን በዘር ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ናቸው ብሎ ሻራቸው፤ 95ኛውም ከነሱ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ አዲስ ካርታ መስማማት ስላልቻለ ፍርድ ቤቱ በርናርድ ግሮፍማን የተባሉ ምሁር ሾሞ አሠራ። 11 ክልል ሲስተካከል ጎረቤቱም አብሮ ይነካልና በድምሩ 25 ክልሎች ተለወጡ። 94ኛው አንዱ ነው። የተወካዮች ቤቱ ሪፐብሊካኖች ይግባኝ ብለው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጁን 17 ቀን 2019 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ሆኖ «ግዛቲቱ ራሷ ይግባኝ ካላለች አንዱ ቤት ብቻውን መጥቶ ይግባኝ የማለት መብት የለውም» አለ። አዲሱ ካርታ ጸና።

በኖቬምበር 2019 ያንሲና ሳይመንድስ ለሦስተኛ ጊዜ ተፋጠጡ። እነዚያው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ያቺው ከተማ ናት። ሳይመንድስ ከ15 መቶኛ ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፉ። ዕጣ የለ፣ ድጋሚ ቆጠራ የለ፣ ጠበቃ የለ። እርግጥ ጊዜው ለዴሞክራቶች የተመቸ ነበር፤ ሁሉም ነገር የካርታው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ግን ከእኩል ድምፅ ተነስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ መድረስ ሰው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ አይመጣም። ዴሞክራቶች በዚያ ምርጫ ምክር ቤቱን 55 ለ45 ያዙ። የ2011ዱን ካርታ በመሥራት ዋና የነበሩት የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ ክሪስ ጆንስም የራሳቸው ክልል ተለውጦባቸው ወንበራቸውን አጡ። በጃንዋሪ 2020 ያ 50 ለ50 ወድቆ የነበረው የሴቶች እኩልነት ማሻሻያ በአዲሱ ምክር ቤት አለፈ።

ሳይመንድስ በ2021ም አሸነፉ፤ ያኔ ፓርቲያቸው ምክር ቤቱንና የገዥነቱን ወንበር ቢያጣም።

በ2020 የቨርጂንያ ሕዝብ ካርታ የሚሠራ ኮሚሽን እንዲቋቋም በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ፤ ስምንት የምክር ቤት ሰዎችና ስምንት ተራ ዜጎች። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። በ2021 ሲቀመጡ ግን በፓርቲ ተከፍለው መስማማት አቃታቸው። ሥራው ወደ ቨርጂንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች የተጠቆሙ ሁለት ባለሙያዎችን ሾመ። አንዱ እንደገና ግሮፍማን ናቸው። አዲሱ ካርታ የጸደቀው በዲሴምበር 2021 መጨረሻ ነው። ባለሙያዎቹ የማንም ነባር ተወካይ ቤት የት እንዳለ ሳይጨነቁ ከባዶ ወረቀት ስለጀመሩ ቁጥሮቹም ተቀያየሩ።

ስለዚህ ዛሬ «94ኛ ክልል» ብሎ ካርታ የሚፈልግ ሰው ኒውፖርት ኒውስን አያገኝም። ቁጥሩ ውኃውን ተሻግሮ ኖርፎክ ከተማ ሄዷል። ሳይመንድስ በ2023 ተወዳድረው ያሸነፉት በ70ኛው ክልል ነው። በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ ውጤት 51 ለ49 ሆነ፤ በዚህኛው ጊዜ ለዴሞክራቶች። ፌርፋክስም አሌክሳንድሪያም ያላችሁ፣ የእናንተም ቁጥር በዚያው ካርታ ተቀይሯል። ከ2021 በፊት የምታውቁት ቁጥርና የዴሊጌት ስም ዛሬ የእናንተ ላይሆን ይችላል። አድራሻን በግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የሚታየው ክልል ከቤታችሁ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ለመዝጋቢው ቢሮ መደወል ያለባችሁ ከምርጫው ቀን በፊት ነው።